ጉልበት ሲተካ ሕመሙን ከሥሩ መያዝ

ጉልበትን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የመተካት ቀዶ ሕክምና ከባድ ሕመም አለው። የተበላው የአጥንት ጫፍ በመጋዝ ተቆርጦ ይነሣና ብረትና ፕላስቲክ ይገባበታል። እንዲያም ሆኖ ታማሚው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተነሥቶ መራመድ አለበት። አልጋ ላይ በዋለ እግር ደም ሊረጋ ይችላል፤ ሳይታጠፍ የሰነበተ ጉልበትም ይደርቃል።

ሞርፊን ሕመሙን ቢያስታግስም ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲበዛም ትንፋሽ ያዳክማል። በጀርባ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚሰጠው ማደንዘዣ ሁለቱንም እግር ሊያደነዝዝና የደም ግፊት ሊያወርድ ይችላል። ብሽሽት ላይ የሚወጋው ደግሞ የታፋውን ጡንቻ አብሮ ስለሚያዝል፣ ታማሚው ቆምኩ ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል።

በሲድኒ ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ዴኒስ ኬርና ሎረንስ ኮሃን የተሻለ መላ አመጡ፤ መድኃኒቱን እዚያው በተቆረጠው ሥጋ ውስጥ መርጨት። እ.ኤ.አ. በ2008 የ325 ታማሚዎችን ውጤት አሳተሙ፤ አብዛኞቹ አንድ ሌሊት ብቻ አድረው ቤታቸው ገብተዋል። እኔን የሚማርከኝ ሕመሙ ተይዞ የእግሩ ኃይል መትረፉ ነው።

ድብልቁ ሦስት ነገር አለው። ሮፒቫኬይን የነርቩን መልእክት ያግዳል፤ ኬቶሮላክ ብግነቱን ያበርዳል፤ አድሬናሊን የደም ሥሮቹን አጥብቦ መድኃኒቱ ከቦታው ቶሎ እንዳይሸሽ ያደርጋል። መጠኑ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚሆን በአንድ መርፌ አያልቅም። ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚወጋው በቋንጃ በኩል ያለውን የመገጣጠሚያ ሽፋን ነው፤ ብረቱ ከገባ በኋላ እዚያ መድረስ ያስቸግራል። ከሽፋኑ ጀርባ ትልቁ የደም ሥር ያልፋል፤ ስለዚህ መርፌውን እያንቀሳቀሰ ጥቂት በጥቂት ይረጫል። ቀጥሎ በሁለቱም ጎን ያሉትን ጅማቶች፣ የጉልበቱን ሎሚ ዙሪያና ጡንቻውን ያዳርሳል። ቆዳው ከመሰፋቱ በፊት ከሥሩ ያለው ስብ የመጨረሻውን ይወስዳል።

የሮፒቫኬይኑ መጠን በታማሚው ክብደት ይሰላል። ከልክ በላይ ወደ ደም ከገባ የአፍ ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮሃል፣ ምላስ ላይ የብረት ጣዕም ይመጣል፤ ሲከፋ ሰውነት ያንቀጠቅጣል፣ የልብ ምትም ይዛባል። ለዚህ ማርከሻ የሚሆን፣ በደም ሥር የሚሰጥ የቅባት ፈሳሽ በቅርብ መኖር አለበት።

መርፌው ለዘለቄታው አይደለም፤ ውሎ አድሮ ይለቃል። ስለዚህ እንደ ፓራሲታሞል ያሉ የሚዋጡ ማስታገሻዎች ሳይለቅ በፊት መጀመር አለባቸው። የእኛ ሰው ግን ነርሷ «ያምዎታል?» ስትለው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ጥርሱን ይነክሳል። ይህ ትዕግሥት ይጎዳዋል፤ ያመመው ሰው ጉልበቱን አያጥፍም። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም የኩላሊት ሕመም ወይም የጨጓራ ቁስለት ካለበት፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ይንገር፤ ኬቶሮላክ ከድብልቁ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። ጥርስ ሲነቀል ማደንዘዣ ተወግቶ ሰውነቱ ተቆጥቶ ከነበረም ያንንም ሳይደብቅ ይናገር።