ሕክምናው አልቆ ሕመሙ ሲቀር

የዛሬው ዝግጅታችን የካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው የተመለሱ፣ ጤናቸው ግን እንደ ድሮው ያልሆነላቸውን ወገኖቻችንን ይመለከታል።

አንዲት የቡልቡላ እናት እናስብ። ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ኬሞቴራፒና ጨረርም ወስዳለች። በዝዋይ፣ በመቂና በሞጆ አድርጋ አዲስ አበባ ስትመላለስ ወራት አልፈዋል። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጅማና ሐረር የተጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሐኪሞቿ «ሕክምናሽን ጨርሰሻል» ብለዋታል። ጎረቤቱም «አልሐምዱ ሊላህ፣ እንኳን አላህ አፊያ አደረገሽ!» እያለ ይጠይቃታል። እርሷ ግን ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ እግሯን ያቃጥላታል፣ ትንሽ ሠርታ ትዝላለች። ይህን ብትናገር የአላህን ጸጋ የዘነጋች፣ ሶብር የጎደላት እንዳትባል ሰግታ ዝም ትላለች።

ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ይህ ሕመም እውነተኛ መሆኑን ነው። አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች የእጅና የእግርን ነርቮች ይጎዳሉ። በብብት ሥር ያሉ ዕጢዎች ሲወጡ ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ድካሙ ደግሞ ተኝተው የሚነሱበት ዓይነት ድካም አይደለም። በዚህ ላይ «በሽታው ይመለስብኝ ይሆን?» የሚለው ሥጋት አለ። እነዚህ ነገሮች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ።

ታዲያ በውጭ አገር ለዚህ ከሚሞከሩት ዘዴዎች አንዱ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይባላል። ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር ነው። ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ምስል ስለሚያሳይና ራስን ሲያዞሩ ምስሉም አብሮ ስለሚዞር፣ ሰውዬው ሐይቅ ዳር ወይም ጫካ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማን ቁስላቸው ሲጠረግ በበረዶ የተሞላ ሸለቆ ውስጥ የበረዶ ኳስ እንዲወረውሩ አደረጉ። የሕሙማኑ ስቃይ ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕመም ለመሰማት የአእምሮን ትኩረት ይፈልጋል፣ ትኩረቱ ሌላ ቦታ ሲያዝ ለሕመሙ የሚተርፈው ያንሳል።

በካንሰር ሕሙማን ላይስ? እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት 123 ሕሙማን ኬሞቴራፒ ሲወስዱ መነጽሩን አድርገው ነበር። ሰዓቱ አጠረላቸው፤ ከሕክምናው በኋላ በነበራቸው ምልክት ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ለሚቆይ ሕመም ማዘናጋት ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየው መነጽሩን ካወለቀ በኋላም አብሮት የሚሄድ ልምምድ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለቆየ የወገብ ሕመም የፈቀደው የመነጽር ሕክምና የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በ8 ሳምንት ውስጥ በአጫጭር ትምህርቶች ረጋ ብሎ መተንፈስንና ሐሳብን መግራትን ያስተምራል።

መነጽሩ ካንሰርን አያድንም፣ የተጎዳ ነርቭንም አይጠግንም። አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊጠቀምበት አይገባም።

እህቶችና ወንድሞች! የዚህ ሕክምና ፍሬ ነገር መነጽሩ በሌለበት ቤትም ይገኛል። በአፍንጫ ቀስ ብሎ አየር ማስገባት፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ ማስወጣት፤ ይህን በቀን ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃዎች መለማመድ። ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ቡልቡላ ወንዝ አቅጣጫ በዝግታ መራመድ፤ ለካንሰር ድካም መጠነኛ እንቅስቃሴ ከመተኛት ይልቅ እንደሚረዳ በብዙ ጥናት ታይቷል። እግሯ የደነዘዘ እናት በባዶ እግሯ አትሂድ፤ ማታ ማታ ውስጥ እግሯን ሰው ይይላት። ለዉዱእ ውኃ ሲሞቅላት ሙቀቱን ሌላ ሰው በእጁ ይለካላት፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አያውቅምና። መቆም ያቃታት ቁጭ ብላ መስገድ እንደተፈቀደላት ታውቃላችሁ፤ ልጆቿ ያስታውሷት።

አዲስ እብጠት፣ ከትኩሳት ጋር የቀላ ክንድ፣ የማይለቅ አዲስ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መክዳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ለነርቭ ሕመምም ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ፤ ካልነገሩት ግን ሊያዝ አይችልም።

እንግዲህ የታመመ ዘመድ ስትጠይቁ «ዳንሽ አይደል?» ብላችሁ አትለፉ። «አሁን ምን ይሰማሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ቁጭ ብላችሁ ስሙ። አላህ ለሕሙማኖቻችን ሁሉ ሙሉ አፊያ ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።