የጣና ባርበስ መንጋጋ ከአይጥ ጎን

ባሕር ዳር ላይ ከጀልባ የወረዱ የባርበስ ዓሦችን አስተውሎ ያየ ሰው የጭንቅላታቸው መለያየት ይገርመዋል። የአንዱ አፍ ወደ ታች ዞሮ ከንፈሩ ወፍሯል፤ የሌላው መንጋጋ ረዝሞ ሰፊ ወጥመድ መስሏል። ተመራማሪዎች በጣና 15 ያህል ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎችን ይቆጥራሉ፤ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የባርበስ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ የሚያኝከውም በጉሮሮው ጥርሶች ነው። ጥርስ አልባውን አፍ ለአደን ያበቃው የአጥንቱ ቅርጽ ነው። የሐይቁ ደለል ደግሞ ጣና ከ16 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ይመሰክራል። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ዳግም በሞላው ሐይቅ፣ በዚህ አጭር ጊዜ ይህ ሁሉ የአጥንት ልዩነት ከየት መጣ?

መልሱ በብዙ ትናንሽ የዘረመል ልዩነቶች ድምር ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ ምስክሬም የላቦራቶሪ አይጥ ናት። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለግዙፍነትና ለትንሽነት የተመረጡ ሁለት የአይጥ ዘሮችን አዳቀሉ። ከዚያም የልጅ ልጆቹን መንጋጋ ነጥብ በነጥብ ለክተው፣ የትኛው የክሮሞዞም ክፍል ከየትኛው ቅርጽ ጋር አብሮ እንደሚወረስ ተከታተሉ። የተገኘው አንድ «የመንጋጋ ጂን» ሳይሆን ከ30 በላይ የክሮሞዞም ቀጠናዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት ብቻ ይገፋሉ፤ አንዱ ጡንቻ የሚያያዝበትን፣ ሌላው ጥርስ የሚሸከመውን የመንጋጋ ክፍል። የጣናም ባርበስ እንዲህ ከሆነ፣ ሐይቁ አዲስ ሚውቴሽን እስኪመጣ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ወደ ሐይቁ በገቡት የወንዝ ዓሦች ውስጥ ተበትኖ የኖረውን ልዩነት ማሰባሰብ ይበቃዋል።

«አጥንት እኮ በምግብም ይቀረጻል» የሚል ተገቢ ሙግት አለ። ሆኖም ከ15ቱ ዝርያዎች 7ቱ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው እንቁላል ሲጥሉ በጊዜና በቦታ ይለያያሉ፤ ምግብ ብቻ ያመጣው መልክ የመራቢያ ቀጠሮ አይለይም። ከበድ የሚለው ሙግት ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ባርበስ ላይ የሠሩ የሩሲያ ተመራማሪዎች፣ በእድገት ወቅት የታይሮይድ ሆርሞን ሲለወጥ የራስ ቅሉም ቅርጽ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ታዲያ አንድ ሆርሞን ከበቃ 30 ቀጠና ለምን? እኔ እንደማየው ግን የሆርሞኑን መጠንና ሰዓት የሚወስኑት፣ አጥንቱም እንዴት እንዲመልስለት የሚያደርጉት ጂኖች ናቸው፤ እነዚያን የሚያገኛቸው ደግሞ ያው የማዳቀል ሥራ ነው።

ሥራው ግን ከአይጥ ይከብዳል። አይጥ 40 ክሮሞዞም ይዛ በወራት ትዋለዳለች፤ ባርበስ ግን በስድስት ቅጂ የተደረደረ ዘረመል፣ በድምሩ ወደ 150 ክሮሞዞም ይዞ፣ ለመዋለድ ዓመታት ይፈጅበታል። የምግብን ድርሻ ከውርስ ለመለየት መነሻው የተለያዩ ዝርያዎችን ጫጩቶች በአንድ ኩሬ፣ በአንድ መኖ ማሳደግ ነው። ለዚህም በሕይወት ያሉ ወላጆች ያስፈልጋሉ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ እዚህ ላይ ነው። በሞተር ጀልባ የሚደረገው የመረብ ዓሣ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ ወዲህ፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ባርበሶች በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆልቁለዋል። መረቡም የሚጠብቃቸው እንቁላል ሊጥሉ በሚሰበሰቡበት የወንዝ አፍ ላይ ነው።