ድንጋይም ይለጠጣል

ቤት የሚሠራ ሰው በተገናኘ ቁጥር የሚቀባበለው ወሬ አለ፤ «በንጣፍ መሀል ክፍተት የሚፈልገው ሴራሚክ ነው፤ የተፈጥሮ ድንጋይ ገጥግጦ መጣል ነው»። ሰቆጣ ላይ ከሆነ ደግሞ ምስክር ተደርጎ የሚጠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ነው፤ «ይኸው ስንት ዘመን ቆሟል፤ የታለ ክፍተቱ?»

መቼ ተቆርጦ ተገጠመና! ውቅር ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ያልተቆራረጠ ነገር መጋጠሚያ ከየት ያመጣል? ለምስክርነት የአካባቢው አለት ይሻላል። የዋግ ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት ነው። እንዲህ ያለ አለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የሚሸሽበት ሲያጣም ይሰነጠቃል። በባዛልት ገደል ላይ ጎን ለጎን እንደተተከለ ምሰሶ የሚታየው የዚያ ስንጥቅ ሥራ ነው። ግንበኛ የነፈገውን ክፍተት ድንጋዩ በራሱ ያወጣዋል።

ድንጋይ ሲሞቅ ደግሞ ይለጠጣል። የመለጠጡ ልክ ትንሽ ነው፤ ሰው የሚታለለውም በዚሁ ነው። ባዛልትም ግራናይትም በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመታቸው ከሚሊዮን 8 እጅ ቢጨምሩ ነው። 6 ሜትር በረንዳ እንውሰድ። ቀን ባዶ እግር የማያስረግጥ ጥቁር ድንጋይ ሌሊት በደጋው ብርድ ይቀዘቅዛል፤ ልዩነቱን 30 ዲግሪ ብንል ንጣፉ 1.4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ትንሽ ነው። ግን በአራቱም ጎን ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀና የሚሄድበት ካጣ፣ ያ ርዝመት ወደ ግፊት ይለወጣል፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 120 ኪሎ። (ይህ ጣሪያው ነው፤ ከሥር ያለው ኮንክሪትም ዘግይቶ ስለሚሞቅና አብሮ ስለሚለጠጥ እውነተኛው ግፊት ያንሳል።)

ድንጋዩ ራሱ 1000 ኪሎም ይችላል። የማይችሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጠርዙ ነው፤ ሁለት ድንጋዮች ተገጠሙ ሲባል በሙሉ ገጻቸው አይነካኩም፣ የሚነካኩት በጥቂት ጉብታዎች ብቻ ነው። ግፊቱ ሁሉ እነዚያ ላይ ይከመርና የምስር ፍሬ የምታክል ስባሪ ከጠርዙ ትፈናጠራለች። ሁለተኛው ከሥር ያለው ማጣበቂያ ነው፤ ደህና የሚባለው እንኳ ወደ ላይ ሲነሳ በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚይዘው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ነው፤ በደንብ ያልተመታ ማልታ ደግሞ ከዚያም በታች ነው። ስለዚህ ንጣፉ ከመሀል እንደ ድንኳን ብድግ ይላል። በሳንቲም አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ለቋል ማለት ነው።

አራሽ ይህን ከመሐንዲስ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ሞፈር ከሚሰበር ምራን ቢበጠስ ይሻላል። መጋጠሚያው ከድንጋዩ መድከም አለበት፤ ሲበላ ተፍቆ በሌላ ይሞላል፣ ድንጋይ ግን አይሞላም። የጎንደር አብያተ መንግሥት ከድንጋዩ በሚደክም ኖራ ተገንብተው ዘመን ተሻገሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ የተጠገኑት ክፍሎች ግን ግንቡን ስለጎዱ ጥገናው በኋላ እንደገና በኖራ መሠራት ነበረበት።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼን ላስቀይም ነው። «ክፍተት የሚተወው ለሙቀት መለጠጥ ነው» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ግማሽ እውነት ነው። በሲሚንቶ የተሞላ ክፍተት ከደረቀ በኋላ የሚጨመቀው በጣም ጥቂት ነው። እሱ በዋናነት የሚያገለግለው ጠርዝ ከጠርዝ እንዳይነካካና የድንጋዮቹ የመጠን ልዩነት እንዲዋጥ ነው። መለጠጡን የሚቀበለው ሌላ ነው፤ በየተወሰነ ርቀት የሚተውና በሲሊኮን የሚሞላ ለስላሳ መስመር። የአሜሪካ የንጣፍ ሙያተኞች መመሪያ ቤት ውስጥ ከ6 እስከ 7.5 ሜትር፣ ፀሐይና ዝናብ በሚያገኘው ቦታ ደግሞ ከ2.4 እስከ 3.7 ሜትር ላይ ይተው ይላል። ትንሽ ጥላማ ክፍል ያለ እሱም ሊኖር ይችላል፤ ወሬውን ያቆየውም እንዲህ ያለው ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

እብነ በረድ ግን ለብቻው ጉድ ነው። የተሠራባት የካልሳይት ቅንጣት በአንድ ዲግሪ ስትሞቅ በአንድ አቅጣጫ ከሚሊዮን 26 እጅ ያህል ትረዝምና በጎኗ 6 እጅ ያህል ታጥራለች። ቅንጣቶቹ ፊታቸውን በየአቅጣጫው ስላዞሩ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ትስስራቸው ይላላል፣ ሲቀዘቅዙም ሁሉም ወደ ቦታው አይመለስም። እርጥበት ከታከለበት ሰሌዳው ይጎብጣል። በሄልሲንኪ የፊንላንዲያ አዳራሽ የለበሰው የካራራ እብነ በረድ በዚህ ጎብጦ ተቀየረ፤ በቺካጎም የአንድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ 43,000 ያህል የእብነ በረድ ሰሌዳዎች እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 ወርደው በግራናይት ተተኩ። እነዚህ ስስ የግድግዳ ልባሶች ናቸው፤ ሁሉም እብነ በረድም እንዲህ አይደለም። ፀሐይ ለሚመታው በረንዳ ግን እኔ አልመርጠውም።

ስንት ይተው? በማሽን ለተቆረጠና ለተወለወለ ድንጋይ ቤት ውስጥ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በመሮ ለተጠረበ የአካባቢ ድንጋይ ጠርዙ ስለማይስተካከል 10 ሚሊ ሜትርም አይበዛም። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ጣት የማትሞላ ክፍተት ተዉ፤ ዞኮሎው ይሸፍናታል፣ ማልታ ግን እንዳይገባባት ግንበኛውን ተቆጣጠሩ። ነጭ ሲሚንቶ ብቻውን በጥብጦ ማፍሰስም ይቅር፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ከጠርዙ ይላቀቃል። ለሰፊው ክፍተት ደቃቅ አሸዋ ይቀላቀልበት፤ የሚሞላውም ከሥር ያለው ማልታ ከደረቀ በኋላ ነው።