ልጃችሁ በቤተ ሙከራ ሲሠራ ክፍያው ከየት ይመጣል?

የዛሬው ዝግጅታችን በአሽቀሎንና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ ልጆቻችሁን ለመጀመሪያ ዲግሪ ለላካችሁ ወይም ለመላክ ለምታስቡ ወላጆች ነው። የምንናገረውም ተማሪዎች ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሳሉ በሳይንስ ምርምር እንዲሳተፉ ስለሚረዳቸው ገንዘብ ነው።

ልጅ «የሐምሌንና የነሐሴን ዕረፍት በቤተ ሙከራ ልሠራ ነው» ሲል፣ ወላጅ «የቤት ኪራይ አለብን፣ ታናናሾችህም አሉ፤ ለምን ደመወዝ ያለው ሥራ አትይዝም?» ይላል። የወላጅ ጭንቀት እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ከመወሰን በፊት የገንዘቡን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ይገባል። ዓይነቱም ሦስት ነው።

አንደኛው የትምህርት ክፍያ ነው። አዲስ ገቢዎችን በዚህ የሚረዳው በሚስራድ ሀክሊጣ ሥር ያለው ሚንሀል ሀስቱደንቲም ነው። የዕድሜና የጊዜ ገደብ ስላለው፣ ልጁ ሳይመዘገብ በፊት ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። ይህ ገንዘብ ለትምህርት እንጂ ለምርምር ሥራ የሚከፈል ደመወዝ አይደለም።

ሁለተኛው ሚልጋ ነው። ሚልጋ ብድር አይደለም፤ ግዴታውን የፈጸመ ተማሪ አይመልሰውም። ለምሳሌ በ1974 እ.ኤ.አ. በረሆቮት ቫይዝማን ኢንስቲትዩት የተጀመረው ፔራህ፣ ሕፃናትን ለሚያስጠኑና ለሚያግዙ ተማሪዎች ሚልጋ ይሰጣል።

ሦስተኛው የምርምር ገንዘብ ነው። ይህ የሚሰጠው በቀጥታ ለተማሪው ሳይሆን ለተመራማሪው ነው። ተመራማሪው ምን ሊያጠና እንዳሰበና ስንት እንደሚያስፈልገው ጽፎ ለውድድር ያቀርባል፤ ሌሎች ሳይንቲስቶችም ይመዝኑታል። በእስራኤል ከእነዚህ ገንዘብ ሰጪዎች ዋነኛው የእስራኤል የሳይንስ ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ገንዘቡ በአብዛኛው የመንግሥት ነው። ያሸነፈው ሰው ገንዘቡን በኪሱ አይከትም። በዩኒቨርሲቲው በኩል መሣሪያ ይገዛበታል፣ ረዳቶችም ይከፈሉበታል። ከረዳቶቹ ብዙዎቹ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። ነገር ግን በሰዓት የሚከፈለው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ በር ያላንኳኳ ተማሪ ገንዘቡ መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

በዚህ በኩል ሌሎች አገሮችም ብዙ ሠርተዋል። በአሜሪካ ኤም አይ ቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ከ1969 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር በምርምር ያሠራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንም ከ1987 ጀምሮ ለዚሁ ዓላማ የተለየ ገንዘብ መድቧል። በአገራችን ደግሞ ቫይዝማን ኢንስቲትዩት ከሌሎች ተቋማት የመጡ ጎበዝ ተማሪዎችን በአሞስ ዴ ሻሊት የክረምት ትምህርት ቤት አማካይነት በቤተ ሙከራ ሲያሠራ ኖሯል። ከአሽቀሎን እስከ ረሆቮት በባቡር ይኬዳል። ማመልከቻ የሚቀበሉበት ቀን ክረምቱ ከመግባቱ ብዙ ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ማስታወቂያውን በጊዜ መከታተል ያስፈልጋል።

በከተማችንም በር አለ። የአሽቀሎን አካዳሚ ኮሌጅ ከሚሰጣቸው ትምህርቶች መካከል ኮምፒዩተርና ሶሻል ዎርክ ይገኛሉ። በ1961 የተከፈተው የባርዚላይ ሆስፒታልም የሕክምና ምርምር የሚካሄድበት ቦታ ነው።

ጉዳዩ ደግሞ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የመጡ ወገኖቻችን ኑሯቸውና ምግባቸው ሲለወጥ የስኳር በሽታ እንደበዛባቸው በእስራኤል ተመራማሪዎች ተጠንቷል። እንዲህ ባለው ጥናት ውስጥ እናቶችን በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሚጠይቅ፣ እንጀራና ሽሮ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ተማሪ ሲኖር መልሱም የተሟላ ይሆናል። ያ ተማሪ የእናንተ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ልጃችሁ የምርምር ሥራ ሲቀርብለት እነዚህን አራት ነገሮች እንዲጠይቅ ምከሩት።

አንደኛ፣ ሥራው ደመወዝ አለው፣ ሚልጋ ነው፣ ለዲግሪው ነጥብ ይታሰብለታል ወይስ በነፃ ነው? ሁለተኛ፣ ደመወዝ ከሆነ በየወሩ ትሉሽ ይሰጠዋል? ሦስተኛ፣ ከዚህ በፊት የሚያገኘውን ሚልጋ ያሳጣዋል? ሁለት ሚልጋ በአንድ ላይ መቀበልን የሚከለክሉ ክፍሎች አሉና። አራተኛ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? ፈተናውንስ አይነካበትም?

መልሱ «በነፃ ነው» ከሆነና ቤታችሁ ችግር ካለበት፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ መሥራትና በቀረው ጊዜ ደመወዝ ያለው ሥራ መያዝ ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። ክፍያው ከሱቅ ወይም ከፋብሪካ ሥራ ቢያንስም እንኳ፣ ከመምህሩ የሚያገኘው የድጋፍ ደብዳቤና የቀሰመው ሙያ ለማስተርስም ሆነ ለሥራ ሲያመለክት ይጠቅመዋል።

በባህላችን ልጅ ታላቁን ደፍሮ አይጠይቅም፤ መምህርንም ማክበር መልካም ነው። እዚህ ግን መምህሩ ዝም ያለውን ተማሪ የማይፈልግ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ «ሂድ ጠይቅ፣ አያሳፍርም» በሉት።