ሴራሚክ ወይስ ብረት? ትራክ ላይ ለምትነዱ ስለ ፍሬን ዲስክ ምርጫ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ዱባይ የሚኖር ወዳጄ ያገለገለ ፖርሽ 911 ገዝቶ ቀጥታ ወደምሠራበት ጋራዥ አመጣው። ካሊፐሮቹ ቢጫ ናቸው። ፖርሽ ላይ ቢጫ ካሊፐር ያየ መካኒክ ከኋላው ያለው ዲስክ ካርቦን ሴራሚክ መሆኑን ያውቃል። «ወንድሜ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል አውቶድሮም ትራክ ይዤው ልገባ ነው። ሴራሚኩን ልተወው ወይስ በብረት ልቀይረው?» አለኝ። ተመሳሳይ ጥያቄ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ፍሬን ምን እንደሚሠራ እንግባባ። ፍሬን የመኪናውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ከዚያ ሙቀቱን ተሸክሞ ቀስ እያለ ለአየር ይሰጣል። ሾፌሩን ጨምሮ 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ200 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርድ ወደ 2 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። ይህ 6 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ፣ አራት ዲስኮች ላይ ያርፋል፤ ትልቁን ድርሻ የሚሸከሙት ደግሞ የፊተኞቹ ናቸው። የዱባይ አውቶድሮም ሙሉ ዙር 5.39 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያች ርቀት ውስጥ ደጋግማችሁ ፍሬን ትይዛላችሁ፤ ዲስኩ የመጀመሪያውን ሙቀት ሳያራግፍ ሁለተኛው ይደረብበታል።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ትራክ ላይ አይደለም። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ በሚነዳው አይሱዙ ወደ ጎጃም አብሬው እሄድ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። አባቴ ያን ቁልቁለት ሁልጊዜ በማርሽ ይዞ ነበር የሚወርደው። የሸራ ሽታ ከሸተተው ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ጎማዎቹን ዞሮ ያያል፤ እስኪበርድ ይጠብቃል። እኛ አገር «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም፤ ሸራው ከአቅሙ በላይ ግሎ መያዝ አቅቶት ነው። ትራክ ላይ የሚገጥመንም ያው የአባይ ቁልቁለት ነው፤ ልዩነቱ በየመታጠፊያው መደጋገሙ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዲስኮቹ። «ስቲል» እያልን የምንጠራው ዲስክ በአብዛኛው ካስት አይረን ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ፣ በውስጡ ብዙ ካርቦን ያለው ብረት። ካርቦኑ በግራፋይት ቅንጣት መልክ ተበትኖ ስለሚገኝ ሙቀትን በደንብ ያስተላልፋል። ከባድ ነው፤ ግን ክብደቱ ራሱ ሙቀት ለመሸከም ይጠቅመዋል። ርካሽ ነው፤ በየትኛውም ከተማ ይገኛል።

ካርቦን ሴራሚክ ከስኒና ከሰድር ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። የካርቦን ክር ከሙጫ ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ይጋገራል፤ ከዚያ ከ1,400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት የቀለጠ ሲሊከን ይጠጣል። ሲሊከኑ ከካርቦኑ ጋር ተዋህዶ ሲሊከን ካርባይድ የሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር ይሆናል። ፖርሽ ይህን ፍሬን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፎርሙላ 1 ላይ ካለው የካርቦን ዲስክ ጋር አታምታቱት፤ ያኛው ካልጋለ በደንብ አይዝም፣ ይሄኛው ግን ጠዋት ከቤት ስትወጡም ይይዛል።

የሴራሚክ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ክብደቱ የብረቱን ግማሽ ያህል ነው። ያ ክብደት የሚቀነሰው ከስፕሪንግ በታች ካለው ክፍል ስለሆነ ጎማው የመንገዱን ጉርብጥብጥ በቀላሉ ይከተላል፤ መሪው ላይም ይሰማችኋል። አይዝግም። ቸርኬውን በጥቁር አቧራ አይሸፍንም። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ዲስኩን ሳይቀይር ዓመታት ይቆያል።

ትራክ ላይ ግን ሴራሚክ በሌላ መንገድ ያልቃል። ሙቀቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሲደርስ ለአየር የተጋለጠው የካርቦን ክር ቀስ በቀስ መቃጠል ይጀምራል። ዲስኩ ከውስጥ እየቀለለ ሲሄድ ውፍረቱ ብዙም ላይለወጥ ይችላል። ለዚህ ነው በዲስኩ መሐል ላይ ዝቅተኛው የሚፈቀደው ክብደት የሚጻፈው። እውነቱን ለማወቅ ፈትታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ወይም ለዚህ የተሠራ መለኪያ መጠቀም አለባችሁ። የብረት ዲስክ ግን ማለቁን በግልጽ ያሳያል። ውፍረቱ በማይክሮሜትር ይለካል። በሙቀት የመጡ ስንጥቆች በዓይን ይታያሉ፤ በጥፍር ይዳሰሳሉ። ፀጉር የሚያክሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ይጠበቃሉ። ስንጥቁ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ከተገናኘ ወይም ጠርዝ ላይ ከደረሰ ግን ያ ዲስክ በዚያው ቀን ይወርዳል።

የዋጋው ነገር ደግሞ ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሴራሚክ ዲስክ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፤ ብረቱ በመቶዎች። አንድ ደንበኛ ዲስኮቹን ስንመዝን አንደኛው ከተጻፈው ክብደት በታች ወርዶ አገኘነው። «አንድ ዓርብ ብቻ ልንዳበት፣ ከዚያ እቀይራለሁ» አለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ የአራት ዲስክ ዋጋ አስደንግጦት ነው። መልሰን አልገጠምንለትም። ብረት ቢሆን ኖሮ ግን ጥያቄውም አይነሣም ነበር፤ በዚያው ቀን ይቀይረዋል።

የኔ አቋም እዚህ ላይ ነው። ለትራክ የሚሻለው ዲስክ ማለቁን በጊዜ የምታዩትና ጊዜው ሲደርስ ሳታመነቱ የምትቀይሩት ነው። በየወሩ ትራክ ለምትገቡ ያ ዲስክ ብረት ነው። ብረት መምረጥ ደረጃ መቀነስ እንዳይመስላችሁ፤ በየዓመቱ ጥር ላይ እዚሁ አውቶድሮም በሚካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር የሚሮጡት የጂቲ3 መኪኖች የብረት ዲስክ ነው ያላቸው። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ለምትገቡ፣ ቀሪውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ለምትነዱ ደግሞ ሴራሚኩን ተዉት፤ ከመግባታችሁ በፊትና በኋላ ግን አስመርምሩት።

ለወዳጄ የመከርኩትም ይህንኑ ነው። በወር ሁለቴ ሊገባ ስላሰበ ሴራሚኮቹን አስፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ቤት ያስቀምጣል፤ መኪናውን ሲሸጥ መልሶ ይገጥማቸዋል። በምትኩ መጠኑ ከካሊፐሮቹ ጋር የሚስማማ ባለ ሁለት ክፍል ብረት ዲስክ ይገባለታል፤ ቀለበቱ ብረት፣ መሐሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ከክብደቱ ጥቂት ይቀንሳል። ሸራውም አብሮ ይቀየራል፤ የሴራሚክ ዲስክ ሸራ ለብረት ዲስክ፣ የብረት ዲስክ ሸራ ለሴራሚክ ዲስክ አይሆንም። ሴራሚኩን የምታቆዩ ደግሞ ጎማ ስታወጡና ስትገጥሙ በመምሪያ ብሎን ተጠቀሙ። ቸርኬው የዲስኩን ጠርዝ ከመታው ሊሸርፈው ይችላል።

ስለ ዲስክ ከማሰባችሁ በፊት ግን የፍሬን ዘይታችሁን ቀይሩ። ይህን ከራሴ ነው የተማርኩት። ትራክ መንዳት በጀመርኩበት ዓመት አሮጌ ዘይት እንደያዝኩ ገብቼ በአራተኛው ዙር ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ሰፊ ማምለጫ ስለነበረ ዳንኩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲገባው ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ያን ጊዜ የ10,000 ዶላር ዲስክም አያቆማችሁም።

በመጨረሻም፣ የመጨረሻውን ዙር ቀስ ብላችሁ፣ ፍሬን ሳትነኩ ንዱ። ፒት ስትገቡ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አታቆዩ፤ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። የጋለ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ከቆመ ዲስኩ ላይ አሻራ ይተዋል፤ በኋላ መሪው ሲንቀጠቀጥ «ዲስኩ ጠመመ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አባቴ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወዲያው ዳገቱን አይጀምርም ነበር። ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያያል፤ እኔም ከኋላው እከተላለሁ። እናንተም ከመኪናው ስትወርዱ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንዴ ዙሩት።

ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። የመኪናውን ሞዴል፣ በዓመት ስንት ጊዜ ትራክ እንደምትገቡና የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አብራችሁ ንገሩኝ።