ገጽን ከገጽ ማጋጠም

የመኪና ስፖርቴሎ፣ የዘይት ጠርሙስ ወይም የአውሮፕላን ክንፍ በኮምፒዩተር ሲነደፍ ከአንድ ወጥ ገጽ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ንድፍ አውጪው ቅርጹን ይከፋፍለዋል፤ ጎኑን ለብቻ፣ ጫፉን ለብቻ፣ መታጠፊያውን ለብቻ ይሠራና በመጨረሻ ያጋጥማቸዋል። ማጋጠሙ በስክሪን ላይ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው፤ ከንድፍ ሶፍትዌሮች መካከል በራይኖና በካቲያ ጆይን፣ በሶሊድወርክስ ኒት፣ በፊውዥን ስቲች ይባላል። ትእዛዙ አጭር ቢሆንም ንድፉ ፋብሪካ ሲደርስ ይመረታል ወይስ ለእርማት ይመለሳል የሚለው ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው እዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ገጽ፣ በሙያው ሰዎች አነጋገር ሰርፌስ፣ ውፍረት የሌለው የሂሳብ ቅርጽ ነው። ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ የበቀለው በፈረንሳይ የመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ፖል ደ ካስተልዦ በሲትሮየን፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ፒየር ቤዚዬ በሬኖ፣ አንዱ የሌላውን ሳይከተል፣ የመኪናን ኩርባ በጥቂት መቆጣጠሪያ ነጥቦች የሚገልጽ ስልት አገኙ። ነጥቡ ሲጎተት ገጹ ይከተላል። በ1975 ኬኔት ቨርስፕሪል በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ያቀረበበት ነርብስ የተባለው ዘዴ ደግሞ ነጻ ኩርባዎችን ብቻ ሳይሆን ክብንና ሲሊንደርንም በትክክል ስለሚገልጽ የአብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የጋራ ቋንቋ ሆነ።

እነዚህ ገጾች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። እያንዳንዱ ገጽ የቱንም ያህል ቢጣመም በመሠረቱ እንደ ተለጠጠ ባለ አራት ማዕዘን ጎማ ነው፤ ሁለት አቅጣጫ እና አራት ጎን አለው። ሦስት ጎን ያለው ወይም መሐሉ የተበሳ ገጽ ሲፈለግ ሶፍትዌሩ ባለ አራት ጎኑን ይወስድና በላዩ ላይ የመቁረጫ መስመር ይስላል። ብዙ ጀማሪዎች ይህ እውነተኛ መቁረጥ ይመስላቸዋል። የተቆረጠው ክፍል ግን አይጠፋም፤ ከእይታ ይሰወራል እንጂ ሙሉው ገጽ ከሥር እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ የተቆረጠ ገጽ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ሙሉውን ገጽ፣ እና የትኛው ክፍሉ እንደሚታይ የሚወስነውን ድንበር።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ድንበር ነው። ሁለት ጠማማ ገጾች ሲቋረጡ የሚያርፉበት መስመር ቀላል ይመስላል፤ በሂሳብ ሲታይ ግን እጅግ ውስብስብ ነው። በንድፍ ሥራ የተለመዱት፣ ቀመራቸው በሁለቱም አቅጣጫ ባለ ሦስት ዲግሪ (እስከ ሦስተኛ ርቢ የሚደርስ) የሆኑ ሁለት ገጾች ሲቋረጡ የሚወጣው መስመር ዲግሪው እስከ 324 ይደርሳል። ይህን የሚሸከም ሶፍትዌር የለም። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ብዙ ነጥቦች ይሰላሉ፤ በነጥቦቹ በኩል ደግሞ ቀለል ያለና ለእውነተኛው የቀረበ ኩርባ ይዘረጋል። ሶፍትዌሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘውም አንድ ኩርባ ብቻ አይደለም፤ አንዱ በሦስት አቅጣጫ ቦታ ውስጥ የተዘረጋው፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተሳለው፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ገጽ ላይ የተሳለው ነው። ሦስቱ እርስ በርስ ይቀራረባሉ እንጂ ፈጽሞ አይገጥሙም። በመጋጠሚያው ላይ ክፍተት የሚኖረው እንግዲህ ንድፍ አውጪው ስለተሳሳተ አይደለም፤ ከስሌቱ ባሕርይ ነው።

የማጋጠም ትእዛዝ ይህን ክፍተት አይደፍነውም፤ ገጾቹንም ወደ ጎን አያንቀሳቅስም። የሁለቱን ጠርዞች ርቀት ይለካና ከተፈቀደው ልክ፣ ማለትም ከቶለራንስ በታች ከሆነ፣ ሁለቱን ጠርዞች እንደ አንድ ጠርዝ ይመዘግባቸዋል። በካቲያ ይህ ልክ አስቀድሞ የተቀመጠው 0.001 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፤ ራይኖም በሚሊ ሜትር ለሚሠሩ ትንንሽ ዕቃዎች የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ ከዚህ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ማጋጠም በዚህ ትርጉሙ ስምምነት ነው፤ «ይህ ክፍተት ለዚህ ሥራ ከቁጥር አይገባም» የሚል ውሳኔ።

የምዝገባው ዋጋ ግን ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢያን ብሬይድና ባልደረቦቹ በካምብሪጅ ጠጣር አካልን በገጾቹ፣ በጠርዞቹና በማዕዘኖቹ፣ እንዲሁም በእነዚህ ጉርብትና የሚገልጽ አሠራር አዳበሩ። የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ በተዘጋ አካል ላይ እያንዳንዱ ጠርዝ የሚዋሰነው ከሁለት ገጾች ጋር ብቻ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ያለው ጠርዝ ከተገኘ አካሉ ክፍት ነው፤ ሦስት ከተገኙ ደግሞ በገሐዱ ዓለም ሊመረት የማይችል ቅርጽ ተፈጥሯል። ሁሉም ጠርዞች ባልና ሚስት ሆነው ሲገኙ ሶፍትዌሩ ውስጡን ከውጭው መለየት ይችላል። ይዘቱን፣ ክብደቱን፣ የስበት ማዕከሉን ማስላት የሚቻለውም ከዚያ በኋላ ነው፤ ባዶ ቅርፊት የነበረው ጠጣር አካል ይሆናል።

ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚመስል ለማየት በኮምፒዩተር ግራፊክስ ታሪክ ዝነኛ የሆነው የዩታ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማርቲን ኒዌል በዩታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ከቤዚዬ ገጾች የሠራው ይህ ሞዴል በመጀመሪያ ታች አልነበረውም፤ በኋላ ነው የተጨመረለት። አፉና እጀታውም ከሆዱ ጋር አልተጋጠሙም፤ ግድግዳውን ወግተው ገብተው ጫፋቸው በውስጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ለሥዕል ይህ ምንም አያጎድልም፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ነገር ግን ምን ያህል ሻይ እንደሚይዝ ሶፍትዌር ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ እንዲወጣም መጀመሪያ መጠገን ይኖርበታል። ጥገናው የገጽ ማጋጠም ሥራን በሙሉ ያሳያል። አፉ ሆዱን የሚያቋርጥበት መስመር ይሰላል፤ ወደ ውስጥ የገባው የአፉ ጫፍ ይቆረጣል፤ በዚያው መስመር ሆዱ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ከዚያ ሁለቱ ጠርዞች ይጋጠማሉ። ለእጀታውም እንዲሁ ይደረጋል።

መጋጠም እና ማማር ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ትእዛዙ ስለ ሁለተኛው አይጨነቅም። ሁለት ገጾች በጠርዝ ብቻ ቢነካኩ በመካከላቸው ስለታም ስንጥቅ የመሰለ መስመር ይታያል። በጠርዙ ላይ አቅጣጫቸው አንድ ከሆነ እጅ ሲዳስሰው ልሙጥ ነው። ዓይን ግን ከእጅ ይልቅ ጥብቅ ዳኛ ነው። አቅጣጫቸው አንድ ሆኖ የጉብጠታቸው መጠን ከተለያየ፣ በተወለወለ ቀለም ላይ የሚያርፈው የብርሃን ነጸብራቅ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። የመኪና ፋብሪካዎች ይህን ለማጣራት በሞዴሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ሸንተረሮችን እንደ ነጸብራቅ ያሳርፋሉ። ሸንተረሩ ጠርዙ ላይ ከተቆረጠ ገጾቹ ተነካክተዋል ማለት ብቻ ነው፤ ሳይቆረጥ ቀጥሎ ጠርዙ ላይ ከታጠፈ አቅጣጫቸው ገጥሟል፤ ያለ እንከን ካለፈ ጉብጠታቸውም ገጥሟል። ይህን የሚያስተካክለው የማጋጠም ትእዛዝ ሳይሆን ከእሱ በፊት በመቆጣጠሪያ ነጥቦቹ ላይ የሚሠራው ሥራ፣ ወይም በሁለቱ መሐል የሚገባ ሦስተኛ አሸጋጋሪ ገጽ ነው።

ትእዛዙ እምቢ ሲል ብዙዎች የሚያደርጉት ቶለራንሱን ከፍ አድርጎ በግድ ማጋጠም ነው። መጥፎ ልማድ ነው። ክፍተቱ ከዓይን ይሰወራል፤ ግን ወደ ሚቀጥለው ሰው፣ ወደ ሻጋታ ሠሪው ወይም ወደ ጥንካሬ መርማሪው ይተላለፋል። ትክክለኛው መንገድ ሶፍትዌሩ ክፍት ጠርዞችን በቀለም እንዲያሳይ ማድረግና ምክንያቱን መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሁለቱ ገጾች ከአንድ የጋራ ኩርባ ሳይሆን ለየብቻ ከተሳሉ ኩርባዎች መሠራታቸው፣ ወይም ዓይን የማያየው ቀጭን ገጽ መሐል ላይ መቅረቱ ነው። የሚሻለው መጥፎውን ገጽ አጥፍቶ ከጎረቤቱ ጠርዝ ተነሥቶ እንደገና መሥራት ነው።

ሞዴል ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ ሲሻገርም ተመሳሳይ ችግር ይነሣል። የላኪው የስምምነት ልክ ከተቀባዩ የላላ ከሆነ፣ እዚያ ጠጣር የነበረው አካል እዚህ ሲደርስ ወደ ተበታተኑ ገጾች ይለወጣል። ቆየት ባለው አይጂኢኤስ የፋይል ዓይነት ገጾች ብዙ ጊዜ ያለ ጉርብትና መዝገብ ስለሚጓዙ ይህ የተለመደ ነው፤ ስቴፕ የተባለው ጉርብትናውንም ስለሚያጓጉዝ ይመረጣል።

ክፍተቱን ከሥሩ የማስወገድ ሙከራም አለ። ቶማስ ሴደርበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት ቲ-ስፕላይን ብዙ ነርብስ ገጾችን ወደ አንድ ክፍተት የለሽ ገጽ ማዋሃድ ያስችላል። በአኒሜሽን ፊልም ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ኤድዊን ካትሙልና ጂም ክላርክ ያሳተሙት፣ መረብን እየከፋፈለ የሚያለሰልስ ዘዴ ተስፋፍቷል፤ ገጸ ባሕርዩ ሙሉ በሙሉ ከአንድ መረብ ስለሚወጣ የሚጋጠም ጠርዝ የለውም። በምሕንድስና ግን ልክ እና ትክክለኛ ክብ ስለሚያስፈልጉ የተቆረጡና የተጋጠሙ ገጾች ቦታቸውን አልለቀቁም።

ማጋጠም ለምርት የሚሰጠው ጥቅም በጉልህ የሚታየው ሞዴሉ ለማተሚያ ወይም ለጥንካሬ ስሌት ወደ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ሲለወጥ ነው። ገጾቹ ካልተጋጠሙ እያንዳንዱ በራሱ ጠርዝ ላይ የራሱን ነጥቦች ይተክላል፤ የሁለቱ ጎረቤቶች ነጥቦች አይገናኙም፣ በመሐላቸውም ስንጥቅ ይቀራል። ከተጋጠሙ ግን ነጥቦቹ የሚተከሉት በተመዘገበው አንድ የጋራ ጠርዝ ላይ ነው፤ የግራውም የቀኙም ሦስት ማዕዘኖች ከእነዚያው ነጥቦች ስለሚነሡ መረቡ ተዘግቶ ይወጣል።