የጃፓንና የቻይና ሞተር ብስክሌቶች በባሌ ከፍታ

ከጎባ በሳነቴ አምባ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሞተር ብስክሌት በዚህ ዳገት ሲደክም «የቻይና ስለሆነ ነው» ማለት ይቀናናል። ከፍርዱ በፊት ግን አየሩን መመርመር ይገባል።

በሮቤ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በሳነቴ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚያንስ የጃፓኑም የቻይናውም ሞተር ጉልበት ያጣል። ካርቡራተር ባለው ሞተር ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ካንዴላው ይጠቁራል። መፍትሔው ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር መግጠም ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ብዙ የቻይና ባለ125 ሲሲ ሞተሮች የጃፓኑን ሆንዳ ሲጂ125 ንድፍ የተከተሉ ናቸው። ንድፍ በቀላሉ ይቀዳል፤ የብረቱ ጥራት፣ በሙቀት የማጠንከሩ ሥራና የልኬቱ ጥንቃቄ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ኩሽኔታና ካቴና የሚቆዩበትን ዕድሜ የሚወስነው ይኸው ነው። ሆንዳና ያማሃም በቻይና ስለሚያመርቱ የአገር ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ስለሆነም ገንዘብ ለጥገና ከማውጣት በፊት ቀላል ፈተና አለ፦ በሳነቴ የጠፋው ጉልበት ደሎ መና ቆላ ሲደርሱ ከተመለሰ ምክንያቱ አየሩ ነው፤ ካልተመለሰ ግን ሞተሩ ራሱ ይመርመር።